የማይለቅ ሳል፦ ብሮንካይትና ሕክምናው ከሐዋሳ ሲታይ

ሳል የያዘው ሰው ስንት ቀን ሊታገሥ ይገባል? የብሮንካይት ሕክምና ክርክር በአብዛኛው የሚነሣው ከዚህች ጥያቄ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሰዎችን ሲጠይቅ፣ ሳል ከሰባት እስከ ዘጠኝ ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል የሚል ግምት አገኘ። ተመራማሪዎቹ ቀደም ብለው የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያሰሉ ግን አማካዩ 18 ቀን ገደማ ሆነ። በግምቱና በእውነቱ መካከል ያለው ይህ የአሥር ቀን ልዩነት ነው ብዙ ሰው ሳያስፈልገው አንቲባዮቲክ እንዲውጥ የሚያደርገው።

ሐዋሳም ከዚህ አታመልጥም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ይደርቃል፣ በየመንደሩ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሣል። ጉንፋን ከቤት ቤት ይዞራል። ሰውየው ሳምንት ያህል ዝንጅብልና ማር ሲጠጣ ከርሞ ሳሉ አልለቅ ሲለው ትዕግሥቱ ያልቃል። ከመናኸሪያ እስከ አቶቴ ካሉት ፋርማሲዎች አንዱ መስኮት ላይ ቆሞ የሚናገረው ቃል ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «አክታዬ ቢጫ ሆኗል፣ ብሮንካይቴ ተነሥቶብኝ ነው፣ አሞክሳሲሊን ስጪኝ።» አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም መድኃኒቱ ይሰጠዋል። በአሥረኛው ወይም በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሳሉ ይቀንሳል። ለመቀነስ ጊዜው ደርሶ ነበር፤ ምስጋናው ግን ለካፕሱሉ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመትም ይኸው ይደገማል። ይህን ልማድ በክርክር መስበር ከባድ የሚሆነውም ሰውየው በዓይኑ ያየው መድኃኒት ሲሠራ ስለሆነ ነው።

ብሮንካይት የአየር ቧንቧ ብግነት ነው። ከጉሮሮ ወርዶ ለሁለት የሚከፈለውና በሁለቱም ሳንባ ውስጥ እየቀጠነ የሚሰራጨው ቧንቧ በውስጡ በስስ ሽፋን ተለብጧል። ቫይረስ ሲገባ ሽፋኑ ያብጣል፣ አክታ ያመነጫል፣ ቆሻሻን ወደ ላይ የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮች ይጎዳሉ። ጠራጊው ስለተጎዳ የሚቀረው መንገድ ሳል ብቻ ነው። ቫይረሱ በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ የተላጠው ሽፋን ተመልሶ እስኪበቅል ግን ሳምንታት ይወስዳል። ትኩሳቱና ቁርጥማቱ ለቆን ሳሉ ብቻ የሚቀጥለው ለዚህ ነው። ሕመሙ በዚህ ስሙ በሕክምና መጻሕፍት የገባው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ባድሃም በ1808 እ.ኤ.አ. ከጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለሁለት ተከፍሏል፤ ድንገተኛውና ሥር የሰደደው። የሁለቱ ሕክምና ፈጽሞ አይገናኝም። በእኛ ዘንድ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መድኃኒት መወሰዱ የችግሩ ግማሽ ነው።

ድንገተኛው ከመቶ ከ90 በላይ የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም። የአክታው ቀለምስ? ቢጫና አረንጓዴ አክታ ባክቴሪያ መኖሩን ያሳያል የሚለው እምነት ከሕዝቡም አልፎ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ሥር ሰድዷል። ቀለሙ የሚመጣው ሰውነት ለመከላከል ከሚልካቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ነው፤ በውስጣቸው አረንጓዴ ቀለም ያለው ኢንዛይም አለ። ሕዋሳቱ ከቫይረስም ጋር ይዋጋሉ። ስለዚህ ሌላ ሕመም በሌለበት ጤነኛ አዋቂ ላይ የአክታው ቀለም ብቻውን ምንም አይወስንም።

አሞክሳሲሊንን በቀጥታ የፈተነ ትልቅ ጥናት አለ። በ12 የአውሮፓ ሀገሮች ሳል ይዟቸው ጤና ተቋም ከሄዱ አዋቂዎች መካከል የሳንባ ምች ያልተጠረጠረባቸው ከ2,000 በላይ ሰዎች ተመርጠው፣ ግማሾቹ አሞክሳሲሊን፣ ግማሾቹ መድኃኒትነት የሌለው ተመሳሳይ ፍሬ ተሰጣቸው። የሕመሙ ርዝመት በሁለቱ መካከል አልተለየም፤ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑትም ላይ ቢሆን። ሌሎች አንቲባዮቲኮችን ጨምረው የመዘኑ ግምገማዎች ያገኙት ጥቅም ሳሉን በግማሽ ቀን ያህል ማሳጠር ነው። ለዚያች ግማሽ ቀን የሚከፈለው ተቅማጥ፣ የቆዳ ሽፍታና መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል፤ ሸክሙ የከፋውም ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ለሳላችን ዛሬ በከንቱ የምንወስደው መድኃኒት ነገ ለጨቅላ ሕፃን የደም ኢንፌክሽን የሚያስፈልገን ያው መድኃኒት ነው።

ከአንቲባዮቲክ ቀጥሎ የሚታዘዙትም ብዙ አይራመዱም። ፕሬድኒሶሎን አስም በሌለባቸው ሳል የያዛቸው እንግሊዛውያን አዋቂዎች ላይ ተሞክሮ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት የሳሉን ጊዜ አላሳጠረም። የሳል ሽሮፕ የረባ ማስረጃ የለውም፤ ለሕፃናት ሲሆን ደግሞ አደጋም ይኖረዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት በኩላሊት መድከም ሲሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት በተበከሉ የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ምንጩ የማይታወቅ፣ በሻንጣ ተይዞ የመጣ ሽሮፕ ለልጅ አይሰጥም።

ታዲያ ምን ይጠጣ? እናቶቻችን ከሚሉት ውስጥ ጥናት የደገፈው አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ግምገማ ማር የጉንፋንን ሳል ከተለመደው ሕክምና የተሻለ እንደሚያስታግስ አግኝቷል። በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ በሆነችው ሀገራችን ይህ ርካሽና ቅርብ ነው። ገደቡ አንድ ነው፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ዝንጅብሉ፣ ጤና አዳሙ፣ ትኩስ ሻዩ ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፤ ፈሳሽ መውሰዱም ይጠቅማል። ፓራሲታሞል ለትኩሳቱና ለቁርጥማቱ ይሆናል። ባሕር ዛፍ አፍልቶ መታጠን ለጊዜው አፍንጫ የሚከፍት ይመስላል፤ ሕመሙን አያሳጥርም፤ በተለይ ልጆች በፈላው ውኃ ስለሚቃጠሉ ለእነሱ ባይሞከር እመርጣለሁ።

አንድ ልማድ ግን በ«ባህላዊ ነው» መታለፍ የለበትም፤ እንጥል ማስቆረጥ። ሳል የበዛበት፣ ጡት አልጠባ ያለ ወይም የሚያስመልሰው ሕፃን «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ በምላጭ ወይም በክር የሚቆረጥባቸው አካባቢዎች ዛሬም ብዙ ናቸው። እንጥል ለብሮንካይት ምክንያት አይደለም፣ መቆረጡም ሳል አያድንም። የሚያመጣው ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና መንጋጋ ቆልፍ ነው። ወደ ሆስፒታል የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ደሙ አልቆም ሲል ወይም ሳሉ የሳንባ ምች ሆኖ ሲከፋ ነው። የእንጥል መውረድ የሚባለው ሕመም አለመኖሩን በግልጽ መናገር የእያንዳንዱ ጤና ባለሙያ ግዴታ ይመስለኛል።

ልጆችን ካነሣን፣ ብሮንካይትን ከሳንባ ምች መለየት እዚህ ላይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ ግን ሰዓት ብቻ ነው። ልጁ ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ በእናቱ እቅፍ ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱ ይገለጥና ሆዱና ደረቱ ሲነሣ አንድ እየተባለ ለሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ ሕፃን አተነፋፈሱ ወጥ አይደለም። ሁለት ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት። የታችኛው ደረቱ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የፈዘዘ ልጅ ደግሞ ሰዓት አይሰጥም፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በቀበሌያቸው ትንፋሽ ቆጥረው ለሳንባ ምች አንቲባዮቲክ እንዲሰጡ መደረጉ በሀገሪቱ የጤና ታሪክ ከታዩት ጥበብ የተሞላባቸው ውሳኔዎች አንዱ ነው። ስለ አንቲባዮቲክ ከላይ ያልኩት ሁሉ እዚህ ላይ አይሠራም። ትንፋሹ የፈጠነ ልጅ መድኃኒቱን ይፈልጋል፣ ቶሎም ይፈልጋል።

ክትባቱም ሥራውን እየሠራ ነው። ትክትክን የሚጨምረው አምስት በአንዱ ክትባት በ1999 ዓ.ም.፣ የሳንባ ምችን የሚከላከለው በ2004 ዓ.ም. ወደ መደበኛው ፕሮግራም ገብተዋል። ትክትክ ግን ክትባት በሳሳበት ቦታ ዛሬም ይመለሳል፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በደቡብ ጋሞ ዳራ ማሎ ወረዳ ተቀስቅሶ ነበር። አከታትሎ የሚያስለው፣ መጨረሻ ላይ በጩኸት አየር የሚስብና የሚያስመልሰው ልጅ ብሮንካይት ነው ተብሎ ቤት ሊቆይ አይገባም።

ሥር የሰደደው ብሮንካይት ሌላ ዓለም ነው። ሐኪሞች ይህን ስም የሚሰጡት አክታ ያለው ሳል በዓመት ቢያንስ ሦስት ወር፣ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ሲቆይና ሌላ ምክንያት ሳይገኝለት ነው። እዚህ ቧንቧው የሚጎዳው በሚያልፍ ቫይረስ ሳይሆን በየቀኑ በሚገባ ጭስና አቧራ ነው። በዚህ ነገር እንግሊዞች ብዙ ዋጋ ከፍለው ተምረዋል። ሕመሙ በአውሮፓ «የእንግሊዞች በሽታ» እስከ መባል ደርሶ ነበር። በታኅሣሥ 1952 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለአምስት ቀን የተኛው የድንጋይ ከሰል ጭስ በመጀመሪያው ግምት 4,000 ያህል ሰው ገደለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ብሮንካይታቸውን ያቃለለው ሕጉና የሲጋራው መቀነስ ነው፤ ከፋርማሲ የመጣ አዲስ ነገር አልነበረም።

የእኛ ለንደን ማድ ቤት ውስጥ ነው። ከኢትዮጵያ ቤተሰቦች ከመቶ ከ90 በላይ የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ነው። ከሐዋሳ ወጥቶ ወደ ቱላ አቅጣጫ ባሉት መንደሮች ማለዳ ላይ ከየጎጆው ጣሪያ የሚተነው ጭስ የሚወጣው መጀመሪያ በአንዲት ሴት ሳንባ አልፎ ነው። ከተማው ውስጥም አሞራ ገደል ዓሣ የሚጠብሱት፣ በየሰፈሩ እንጀራ ጋግረው የሚያድሩት፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው ዕጣን የሚያጨሱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ የስልሳ ዓመት እናት እንደ ረጅም ዘመን አጫሽ እያሳለች ብትመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ ሊጠይቃት የሚገባው «እማማ፣ ማድ ቤትዎ መስኮት አለው?» ብሎ ነው።

መፍትሔው ምርጥ ምድጃ ማደል ብቻ ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭስም ይቀንሳል፤ ይህ መልካም ነው። በጤና ረገድ ግን የተገኘው ውጤት ተስፋ የተደረገውን ያህል አልሆነም። ማላዊ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ይዞ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የተሻሻለው ምድጃ የሳንባ ምችን እንዳልቀነሰ አሳየ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንጀራ ምድጃን የፈተነው ጥናትም ከሕፃናት የመተንፈሻ ኢንፌክሽን አንፃር ያየው ለውጥ የሚያመረቃ አልነበረም። የእኔ ንባብ ይህ ነው፦ እንጀራው በተሻለው ምድጃ እየተጋገረ ወጡ፣ ቡናውና ቂጣው በሦስት ጉልቻ ላይ ከቀጠሉ ሳንባ እረፍት አያገኝም። ጭሱ ከቤት መውጣት አለበት፤ በጭስ ማውጫ፣ በሰፊ መስኮት፣ ማድ ቤቱን ከመኝታው በመለየት፣ አቅም ሲፈቅድ በኤሌክትሪክ ምጣድ። ለዚህ ደግሞ የማይቆራረጥ መብራት የጤና አገልግሎት ሆኖ መታየት አለበት። ኅዳር 12 ቀን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ በየከተማው የሚቃጠለው ቆሻሻም ዛሬ አስም ላለበት ሰው የሕመም ቀን ሆኗል፤ ቆሻሻውን ሰብስቦ ማስወገድ የቀኑን ትርጉም አይቀንሰውም።

ከማድ ቤት ቀጥሎ ፋብሪካው ይመጣል። ሐዋሳ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሺህ ወጣቶችን፣ በተለይ ሴቶችን፣ ቀጥሯል። በ1991 እ.ኤ.አ. በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ ላይ የታተመ ጥናት ሥር የሰደደ ብሮንካይትን እንደየሥራ ክፍሉ ከመቶ ከ17.6 እስከ 47.7 በሚሆኑ ሠራተኞች ላይ አግኝቷል፤ የጥጥ አቧራ የሚያመጣው የደረት መጨነቅ ደግሞ የከፋው ጥጡ በሚበተንበትና በሚበጠርበት ክፍል ነበር። ልብስ ስፌት ከጥጥ ማበጠሪያ ያነሰ አቧራ አለው። ቢሆንም ሰኞ ሥራ ሲገባ ደረቱ የሚጨመደድ፣ እሑድ የሚሻለው ሠራተኛ የሥራ ቦታውን ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ ሐኪሙም ሳይነገረው መጠየቅ አለበት።

ሲጋራን በተመለከተ ሀገራችን ዕድለኛ ናት። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የናሙና ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች ከመቶ 5 ገደማ ነበሩ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስንና ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መሸጥን ከልክሏል። ሕጉን ማስከበር ላይ ግን ጫት ቤቱና ሺሻው ያስጨንቃሉ። ሺሻ በውኃ ስለሚያልፍ ይጣራል የሚለው ውሸት ነው።

ሥር ለሰደደው ሕመም የመጀመሪያው መድኃኒት ከጭሱ መለየት ነው። ቧንቧ ሲጠብና ትንፋሽ ሲያፍን ሳልቡታሞል ያስከፍታል፤ በፍሬና በሽሮፕ ከሚወሰደው ይልቅ በአፍ የሚነፋው ይሻላል፤ ልብ ሳያስጨንቅ በቀጥታ ሳንባ ይደርሳል። ችግሩ አጠቃቀሙ ነው። ብዙ ሕመምተኛ ሲነፋው መድኃኒቱ ምላሱ ላይ ይቀራል። ለዚህ በ1999 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካውያን ሐኪሞች ርካሽ መላ አሳይተዋል፦ የግማሽ ሊትር ሀይላንድ ጠርሙስ ታጥቦ ይደርቅና ታችኛው ክፍሉ በሙቅ ሽቦ ይበሳል፤ ቀዳዳው የመድኃኒቱን አፍ በልኩ ያስገባል፣ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል። ሕመምተኛው የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይይዛል፤ አንዴ ተነፍቶለት ረጋ ብሎ አራት አምስት ጊዜ ይተነፍሳል። ልጆች ላይ ሲፈተን ከተገዛው መሣሪያ ጋር የሚወዳደር ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከፍ ላለው ምርመራ ግን የሳንባ ሐኪምና የትንፋሽ መለኪያ ያስፈልጋል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሕክምና ልዩ ሥልጠና የጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ባለሙያዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሐዋሳ በዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ምክንያት ከብዙ ከተሞች የተሻለች ብትሆንም፣ የትንፋሽ መለኪያው ወደ ጤና ጣቢያዎች እስካልወረደ ድረስ «ብሮንካይት» የሚለው ፍርድ በግምት መሰጠቱ ይቀጥላል።

በዚህ ስም ስር ደግሞ ሌሎች ሕመሞች ይደበቃሉ። ሌሊት ሌሊት የሚያስልና የሚያፏጭ ደረት አስም ሊሆን ይችላል። ጋደም ሲሉ የሚያፍን፣ እግር የሚያሳብጥ ሳል ከልብ ሊመጣ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ከሚወስዱት ውስጥ የተወሰኑትን በደረቅ ሳል ያስቸግራል፤ መፍትሔው ሽሮፕ ሳይሆን መድኃኒቱን በሐኪም ማስለወጥ ነው። ቀድሞ ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ሳንባው ላይ በቀረ ጠባሳ ምክንያት ዓመቱን ሙሉ አክታ ሊተፋ ይችላል። አዋቂ ሰው ትኩሳቱ ከ38 ካለፈ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከ24፣ የልብ ምቱ ከ100 በላይ ከሆነ ራጅ ያስፈልገዋል። ደም የተቀላቀለበት አክታ ለአንድ ቀንም አይታደርበትም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 የዓለም ሀገሮች አንዷ ናት። በየፋርማሲው ሁለትና ሦስት ዙር አንቲባዮቲክ እየተለወጠለት የከረመ ሰው ምርመራ ሲደርስ ቤተሰቡን አስይዞ ይገኛል። ድንገተኛ ብሮንካይት 18 ቀን ያህል ይቆያል ካልን፣ የሀገሪቱ መመሪያ ደግሞ ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ለቲቢ ይመርመር ካለ፣ ሁለቱ አይጋጩም፤ ትዕግሥቱ ከአንቲባዮቲክ ነው እንጂ ከምርመራ አይደለም። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ሁለት ሳምንቱንም አይጠብቅም። ሳላችሁ ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ በተለይ ሌሊት የሚያልባችሁና የከሳችሁ ከሆነ፣ ፋርማሲውን አልፋችሁ በቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና አክታዬ ይመርመር በሉ። በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው።